ከጥናቱ ይልቅ የዋቢዎቹ ዝርዝር አስጨነቀኝ

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሶሻል ወርክ የማስተርስ ትምህርቴን ለመጨረስ የተቃረብሁ፣ በሥራ ላይም የምገኝ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የቤት ሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ የሚመለከት ሲሆን፣ የምጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ቃለ መጠይቁን ጨርሼ፣ ትንተናውንም ጽፌ ረቂቁን ለአማካሪዬ ስሰጥ ከእንግዲህ እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። ረቂቁ ሲመለስልኝ ግን የዋቢዎቹ ገጾች ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክርቢቶ ተሰማምረው፣ ከግርጌም «ይህ በሥርዓት የተጻፈ አይደለም፤ ኤፒኤን ተከተይ» የሚል ሰፍሮባቸው አገኘኋቸው፤ ኤፒኤ የሚሉት የዋቢ አጻጻፍ ደንቡን ነው።

ችግሬ የቱን እንደምከተል አለማወቄ ነው። የትምህርት ክፍላችን መመሪያ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ የራስ ስም በመጀመሪያ ፊደል ያጥራል ይላል። እኔም በዚሁ መሠረት የኢትዮጵያውያኑን ጸሐፊዎች ስም በአባታቸው አስቀድሜ ጻፍሁ። አማካሪዬ ደግሞ ከስሞቹ ጎን «ይህ እኮ አባትየው ነው፤ ጸሐፊው የት አለ?» ብለው ጽፈውብኛል። ዓመቶቹም ተደበላልቀውብኛል፤ የአማርኛዎቹ በኢትዮጵያ፣ የእንግሊዝኛዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቀደም ብሎ የተመረቀ የሥራ ባልደረባዬ «የአማርኛዎቹን በሙሉ አውጪና ተገላገይ፤ ፈታኞች የሚያዩት የውጭ ጆርናል ነው» አለኝ። ግቢው በር ላይ ያለ ኮምፒውተር ቤት በክፍያ ሊያስተካክልልኝ ዝግጁ ነው። ዝርዝሩን ለቻትጂፒቲ ሰጥቼም ሞክሬአለሁ፤ ሲያዩት የሚያምር ነገር መለሰልኝ፣ ልቤ ግን አላመነውም።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ለማንም ያልነገርሁት ነው። ከጠቀስኋቸው ሥራዎች አሥር የሚሆኑትን እኔ ራሴ አላነበብኋቸውም፤ ከሌሎች ሰዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ከነዋቢያቸው ያመጣኋቸው ናቸው። ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል ሲባል ሰምቼ ነበር። አሁን ግን ፈታኙ አንዱን አንሥተው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ እያልሁ እሰጋለሁ። ለአማካሪዬ ልንገራቸው ወይስ ዝም ብዬ ላስተካክል? ማስረከቢያው ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል።

ግራ የገባኝ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህቴ፣

የጻፍሽልኝ ስለ ነጥብና ስለ ቅንፍ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ልጆች ከተኙ በኋላ ሌሊት ተቀምጦ የተጻፈ ረቂቅ በቀይ ቀለም ተሞልቶ ሲመለስ የሚሰማውን ስሜት «ቅርጽ ብቻ እኮ ነው» በሚል ቃል ማቃለል አይቻልም። ሆኖም አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አማካሪሽ በትንተናው ምዕራፍ ላይ ምን ጻፉበት? በደብዳቤሽ ውስጥ አላነሣሽውም። ቁጣቸው የበረታው በዋቢዎቹ ገጾች ላይ ብቻ ከሆነ፣ በቀረሽ ሦስት ሳምንት ሊያልቅ የማይችለው ሥራ አስቀድሞ አልቋል ማለት ነውና፣ የቀረውን በዚህ ዓይን እንድትመለከቺው እወድዳለሁ።

የስሙና የዓመቱ ጉዳይ ትዕግሥት የሚጠይቅ እንጂ የሚያስፈራ አይደለም፤ ስለዚህ በመጨረሻ ከነገርሽኝ ልጀምር። ሳታነብቢ የጠቀስሻቸው ሥራዎች አደጋቸው ፈታኙ ሊጠይቁ መቻላቸው ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ጸሐፊ የተናገረውን ከሁለተኛ ሰው ሰምተሽ ራስሽ እንዳየሽው አድርገሽ ስትጽፊ፣ ያ ሁለተኛ ሰው ሐሳቡን አጣሞ ወይም የገጹን ቁጥር ተሳስቶ ከሆነ ስሕተቱ ከነሙሉ ኀላፊነቱ ወደ አንቺ ይዞራል። ያን ምንጭ ፈልጎ ያገኘው ሰው ድካምም ሳይጠቀስ ይቀራል። ልማዱ በየትምህርት ክፍሉ እንዳለ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ልወቅስሽ አልተነሣሁም፤ መውጫውም ከምትገምቺው ይልቅ ቀላል ነው።

ዝርዝሩን አትመሽ በአሥሩ ጎን ምልክት አድርጊ። ከዚያም እያንዳንዱን «ይህ ከጽሑፌ ቢወጣ የትኛው ክርክሬ ይናጋል?» እያልሽ ጠይቂ። እንደምገምተው ከአሥሩ ጥቂቶቹ አንቀጹን ለማሳመር የገቡ ናቸውና ያለ ሐዘን ይሰረዛሉ። የሚያስፈልጉሽን ዋናዎቹን ፈልጊ፤ የጆርናል ጽሑፍ ከሆነ ጉግል ስኮላር በሚባለው የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ፣ መጽሐፍ ወይም ያልታተመ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ስድስት ኪሎ በሚገኙት በኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትና በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ ካልሆነም በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በወመዘክር። መጽሐፉን ሁሉ ማንበብ አይጠበቅብሽም፤ የጠቀስሽው ሐሳብ ያለበትን ገጽና በዙሪያው ያለውን ክፍል አንብበሽ እንደተባለው መሆኑን ካረጋገጥሽ ያ ዋቢ ያንቺ ሆነ። ፈልገሽ ያጣሽውን ኤፒኤ ራሱ በፈቀደው መንገድ ትጽፊዋለሽ፦ በጽሑፉ ውስጥ የመጀመሪያውን ጸሐፊ ስም ታነሺና «በእገሌ እንደተጠቀሰው» ብለሽ በእጅሽ ያለውን ሥራ ታስከትያለሽ፤ በዋቢዎች ዝርዝር ውስጥ የሚገባው ግን በእጅሽ ያለው ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት ሦስት ጥቅሶች ማንንም አያሳፍሩም። አሥርም ከሆኑ ግን ፈታኝ ያነሣዋል፤ መፈለጉ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ለአማካሪሽ ልንገራቸው ወይ ብለሻል። አዎ፣ ንገሪያቸው፤ ነገር ግን ሥራውን ከጀመርሽ በኋላ ይሁን። «ዶክተር፣ ዋቢዎቼን እንደገና ሳጣራ ጥቂቶቹን ከሁለተኛ ምንጭ የወሰድኋቸው መሆኑን አይቻለሁ። ዋናዎቹን እየፈለግሁ ነው፤ የማላገኛቸውን በሁለተኛ ምንጭነት እጠቅሳቸዋለሁ። በዚህ ይስማሙ እንደሆነ እንዲነግሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ» የሚል አጭር መልእክት ይበቃል። በጽሑፍሽ ላይ የሚፈርሙት እርሳቸው ናቸውና ከአንቺ መስማታቸው ከሌላ ከመስማታቸው ይሻላል። ደግሞም ከማስረከብሽ በፊት የተነገረ ጉድለት እርማት ይባላል፤ ካስረከብሽ በኋላ በሌላ ሰው የተገኘ ግን በዩኒቨርሲቲው ደንብ ሌላ ስም ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ስሞቹ እንምጣ። አማካሪሽም መመሪያውም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ኤፒኤ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ምሕጻር ሲሆን፣ የአጻጻፍ ደንቡ በ1929 እ.ኤ.አ. በአንድ የሥነ ልቦና መጽሔት ላይ በወጣ የጥቂት ገጾች ጽሑፍ ተጀምሮ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ለወጣው ሰባተኛ እትም የደረሰ ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች በዓይናቸው የነበረው ከዘር ወደ ዘር የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ያለው ጸሐፊ ነበር። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም መሆኑ ነው ችግሩን ያመጣው። ሐዲስ ዓለማየሁን በአባታቸው አስቀድመሽ፣ የራሳቸውን ስም ወደ አንዲት ፊደል ብታሳጥሪ፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ደራሲ የሚፈልግ አንባቢ ዓለማየሁ የሚባል ሰው ያገኛል እንጂ ሐዲስን አያገኝም። በአገራችን ደግሞ አባታቸው ዓለማየሁ የሚባሉ፣ ስማቸውም በዚያው ፊደል የሚጀምር ጸሐፊዎች ስንት እንደሚሆኑ አስቢው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ የኢትዮጵያውያንን ስም ሳትገለብጪና ሳታሳጥሪ፣ ከራስ ስም ጀምረሽ ሙሉውን ጻፊ። ይህ የአማካሪሽ የግል ምርጫ አይደለም፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በካታሎጉ፣ ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካም በአምስቱ ጥራዞቹ የሚከተሉት አሠራር ነው። ኤፒኤም ቢሆን ሊነጣጠሉ የማይገባቸውን ስሞች በጽሑፉም በዝርዝሩም ሙሉ አድርጎ ለመጻፍ በር ከፍቷል። አንድ ቦታ ግን ትቸገሪያለሽ፤ ውጭ አገር የሚያሳትሙ ኢትዮጵያውያን ምሁራንን ጆርናሎቹ ብዙውን ጊዜ በአባታቸው ስም መዝግበዋቸዋል። እነርሱንም ቢሆን እንደ ሌሎቹ ሙሉ ስማቸውን በቅደም ተከተሉ ብትጽፊ፣ ሁለቱም ስሞች ስለሚገኙ አንባቢ በየትኛውም ቢፈልግ ይደርስባቸዋል። ጸሐፊው ራሱ የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ የሚጠቀም ከሆነ ብቻ የእርሱን ምርጫ አክብሪለት።

የትምህርት ክፍሉ መመሪያ ሌላ የሚል በመሆኑ ግን ይህን በቃል ስምምነት አትለፊው። አማካሪሽ መስማማታቸውን በኢሜይል እንዲጽፉልሽ ጠይቂ፤ ከጽሑፉ መግቢያ ገጾች በአንዱም ላይ «በዚህ ጥናት የኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎች ስም ሳይገለበጥና ሳያጥር ተጽፏል፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመቶች ተለይተው ተመልክተዋል» የሚል አጭር ማስታወሻ በእንግሊዝኛው አስገቢ። ዝርዝሩን በእጅ እየተየብሽ ከሆነ፣ ዞቴሮ የሚባለውን ዋቢዎችን የሚያደራጅ ነፃ ሶፍትዌር ብትጭኚ አንድ ምሽት ያስወጣሻል እንጂ ብዙ ምሽቶች ይቆጥብልሻል። በእርሱ ውስጥ የጸሐፊው ስም ሁለት ሣጥን አለው፤ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ምልክት ስትጫኚ ሁለቱ ሣጥኖች አንድ ይሆኑና ስሙ እንደጻፍሽው ሳይገለበጥ ይወጣል። ይህችን ምልክት ሳያውቁ ሶፍትዌሩን የሚረግሙ ብዙዎች ናቸው።

የዓመቶቹ ነገር ከስሞቹ ይልቅ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ስም ሲገለበጥ አንባቢ ግር ይለዋል፣ ዓመት ሲደበላለቅ ግን ሳያውቀው ይሳሳታል። ከራስሽ ርእስ አንድ ምሳሌ ልውሰድ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን በአማርኛው ቁጥር 1156/2011 ብለሽ ጠቅሰሽ፣ በቀጣዩ መስመር በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የጆርናል ጽሑፍ ብታመጪ፣ የውጭው ፈታኝ ጽሑፉ አዋጁ ከወጣ ከአራት ዓመት በኋላ የተጻፈ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን አዋጁ የወጣው በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ ማለትም በ2019 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ጽሑፉ የሚተነትነው ከዚያ በፊት የነበረውን ሕግ ነው። አንድ ያልተጻፈ «ዓ.ም.» ክርክርሽን እንዲህ ይገለብጠዋል።

ለሕጎች መፍትሔው በእጅሽ ነው። ነጋሪት ጋዜጣው አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ስለሚያትም፣ በእንግሊዝኛ ለምትጽፊው ጽሑፍ በእንግሊዝኛው ዓምድ ያለውን 1156/2019 ውሰጂ፤ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግም እንዲሁ በ1960 እ.ኤ.አ. ጻፊው። ለአማርኛ መጻሕፍት መጀመሪያ መጽሐፉ ላይ የታተመውን ዓመት፣ ቀጥሎ በቅንፍ የአውሮፓውያኑን አስቀምጪ። መጽሐፉ የታተመበት ወር ካልታወቀ አንድ የእኛ ዓመት ሁለት የእነርሱን ዓመታት ስለሚነካ፣ 1958 ዓ.ም. 1965/66 ተብሎ ይጻፋል፤ አንዱን መርጦ መገመት አያስፈልግም። የአዲስ ዘመንን ወይም የሪፖርተርን ዜና ስትጠቅሺ ግን ቀኑ ስለሚታወቅ አንዱን ዓመት በትክክል ማውጣት ትችያለሽ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት ገደማ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። በእጅሽ ያለው መጽሐፍ ኋላ የታተመ ከሆነ የገጹ ቁጥር ከመጀመሪያው እትም ሊለይ ይችላልና፣ የምትጽፊው ያነበብሽውን እትም ዓመት መሆን አለበት።

ባልደረባሽ የአማርኛዎቹን አውጪ ማለቱ፣ በቅን ልቦና ያለው ቢሆንም፣ ከሰማሻቸው ምክሮች ሁሉ የከፋው ነው። ጥናትሽ በአዲስ አበባ ስላሉ የቤት ሠራተኞች ነው፤ ቃለ መጠይቁን ያደረግሽው በአማርኛ ይመስለኛል፤ የፌዴራል ሕጎቻችንም ትርጉማቸው ሲያከራክር የበላይነት ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። እነዚህን አውጥተሽ ስለ ሌላ አገር የተጻፉ የጆርናል ጽሑፎችን ብቻ ብትተዪ፣ ዝርዝሩ ንጹሕ ይመስላል እንጂ ጥናቱ ይራቆታል። ጠንቃቃ ፈታኝ መጀመሪያ የሚጠይቀውም «የአገር ውስጥ ምንጮችሽ የት አሉ?» የሚለውን ነው። ኤፒኤ በላቲን ፊደል ያልተጻፈ ሥራ ርእሱ በላቲን ፊደል ተጽፎ፣ ትርጉሙ በማዕዘን ቅንፍ [ ] እንዲከተለው ያዝዛልና መንገዱ አለ። የሚያስፈልግሽ አንድ ዓይነት አጻጻፍ መርጠሽ እስከ መጨረሻው መጽናት ነው፤ «ጸ»ን በአንዱ ገጽ በሦስት የላቲን ፊደል፣ በሌላው በሁለት አትጻፊው፤ «ኃይለ»ም በየገጹ መልኩ አይለዋወጥ። ጸሐፊው በእንግሊዝኛ ያሳተመ ከሆነና ስሙን በራሱ መንገድ ከጻፈ ግን የእርሱን አጻጻፍ እንዳለ ተቀበይ።

ኮምፒውተር ቤቱን በተመለከተ፣ ለገጽ አቀማመጥ ብትከፍያቸው አልቃወምም። የእያንዳንዱ ዋቢ ሁለተኛ መስመር በግማሽ ኢንች ገባ እንዲል ማድረጉን እነርሱ ከአንቺ በተሻለ ፍጥነት ይሠሩታል። መጽሐፉን ያላዩ በመሆናቸው ግን ስሙ፣ ዓመቱና ገጹ ልክ መሆኑን ሊያውቁልሽ አይችሉም። የቻትጂፒቲው ዝርዝር ላይም ልብሽ አለማመኑ መልካም ነው። አንድ ፈተና አድርጊለት፤ በየጽሑፉ መጨረሻ ያስቀመጠውን የዲ.ኦ.አይ. ቁጥር፣ ማለትም ጽሑፉ በኢንተርኔት የሚገኝበትን መለያ፣ እየቀዳሽ ክፈቺው። ያልተከፈተ ወይም ሌላ ጽሑፍ የከፈተ ሁሉ የማይታመን ነው። ያ የቁጥር ሥርዓት ከመፈጠሩ ከሠላሳ ዓመት በፊት ለታተመ የአማርኛ መጽሐፍም ቁጥር ሰጥቶሽ ብታገኚው አይግረምሽ። ያን ዝርዝር ወደ ረቂቅሽ አታስገቢው።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር። ቃለ መጠይቅ ያደረግሽላቸው ሴቶች የጥናትሽ መረጃ ምንጮች ስለሆኑ በዋቢዎች ዝርዝር ውስጥ አይገቡም። ቃላቸውን በጽሑፉ ውስጥ ስታመጪ በሰጠሻቸው መለያ ብቻ ጥሪያቸው፤ የአሠሪያቸውን ሰፈር ወይም ቤት የሚያሳውቅ ነገርም አብሮ እንዳይወጣ ተጠንቀቂ። በታሪክ ትምህርት ክፍሎች የተለመደው የመረጃ ሰጪዎች የስም ዝርዝር ለአንቺ ጥናት አይሆንም፤ ሥራቸውን ሊያሳጣቸው ይችላልና።

ጊዜውን እንዴት እንደምትከፋፍዪው የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ሳምንት ለአሥሩ ሥራዎችና ለአማካሪሽ መልእክት፣ ሁለተኛውን ለስሞቹና ለዓመቶቹ እሰጥ ነበር። ለመጨረሻው ሳምንት የሚቀረው ማመሳከሩ ነው፤ በጽሑፉ የተጠቀሰው ሁሉ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን፣ በዝርዝሩ ያለውም ሁሉ በጽሑፉ መጠቀሱን ማረጋገጥ። ይህን ብቻሽን በስክሪን ላይ አትሞክሪው፤ ዓይን የለመደውን ያልፋል። ዝርዝሩን አትመሽ ያዢ፣ ባለቤትሽ ወይም አንዲት ጓደኛሽ ደግሞ ጽሑፉን ይዘው በቅንፍ ያለውን ስምና ዓመት እየጠሩልሽ፣ አንቺ በእስክርቢቶ ምልክት አድርጊ። ምልክት ያላገኘው ዋቢ ይወጣል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ያልተገኘው ስም ይገባል።

ጽሑፍሽን በፈታኞች ፊት በምትከላከዪበት በዲፌንሱ ቀን የውጭው ፈታኝ የስሞቹን ቅደም ተከተል ቢያነሡ፣ ማስታወሻው ያለበትን ገጽ አሳዪያቸውና አማካሪሽ መስማማታቸውን ተናገሪ። መመሪያው እንዳለ ይከበር ካሉም አትከራከሪ፤ ከዲፌንስ በኋላ ከሚሰጡ ጥቃቅን እርማቶች እንደ አንዱ ቆጥረሽ መዝግቢው። ዞቴሮ ውስጥ የስሞቹን ሣጥን መልሰሽ ሁለት ስታደርጊው ዝርዝሩም ጽሑፉም አብሮ ይለወጣል፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።